ሰንጢ ልትገዛ ነው? እንግዲያው ቁጭ በል

ና ወዳጄ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በል። የመቂ የቀትር ፀሐይ እንግዳ አትል ባለቤት አትል፣ ሁሉንም እኩል ነው የምታነደው። አቦሉ ደርሷል፤ ቆሎውም ያው ከፊትህ ነው። የሰማሁት እውነት ነው? ሰንጢ ልትገዛ አስበሃል አሉ። ያውም እንደ ነገሩ ያለውን ሳይሆን፣ ደህናውን፣ ዓመታት የሚያገለግለውን። ጎሽ! አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጠቁራል። «ሰንጢ? ምን ሊያደርግለት? ከማን ተጣላ?» ይላል። እኔ የምጠይቅህ ግን ሌላ ነው፤ ምን ልትቆርጥበት ነው?

ጥያቄዬን አትናቀው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ሰው ሱቅ ሲገባ ዓይኑ የሚሮጠው ወደሚያብረቀርቀው ነው። ትልቁን፣ ጥቁሩን፣ ጀርባው የመጋዝ ጥርስ ያወጣውን ያነሳል። ቤቱ ሲደርስ ብርቱካን ሊልጥበት ይሞክርና ብርቱካኑ ይጨመቃል። ስለዚህ ከሰንጢው በፊት ውሎህን ተመልከት እልሃለሁ። የምትውለው ማሳ ላይ ነው? ገበያ ነው? ቢሮ ነው? ወይስ በየመንገዱ?

እስቲ የዚችን የመቂያችንን ውሎ እንይ። ጠዋት ማሳ የወረደው ገበሬ የውሃ ፓምፑ ጎማ ጫፉ ላይ ተቀዶበታል፤ የተቀደደውን ቆርጦ ጥሎ እንደገና ማሰር አለበት። የሽንኩርት ነጋዴው የጆንያውን አፍ የሰፋውን ሲባጎ ይበጥሳል፤ ከዚያም አንዷን ሽንኩርት ለሁለት ከፍሎ ልቧን ያያል። ለምን? ውስጧ መበስበስ ከጀመረ ዋጋ ሊሰብር ነዋ! ፓፓያ ሻጯ ደንበኛዋ ቀምሶ እንዲያምናት ሳሳ ያለች ቁራጭ ታነሳለታለች። ቲማቲም ጫኙ የሳጥን ማሰሪያ ገመድ ይቆርጣል። መንገድ ዳር ደግሞ ሸንኮራ የሚልጥ ልጅ አይጠፋም። ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ጀንበር ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ጎራዴ የሚያስፈልገው አየህ? እኔ አላየሁም። ከሸንኮራው ልጅ በቀር ሁሉም የመዳፍ ወርድ በምታህል ቀጭን ስለት ይጨርሳል።

ወደ ሐይቁ ወረድ ብትል ደግሞ ዓሣ አጥማጁን ታገኘዋለህ። ዝዋይ የሚሉትን፣ ደንበልም የሚባለውን ሐይቅ ማለቴ ነው። የሐይቁ ነገር ከተነሳማ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ አስበህ ታውቃለህ? አንዱ ይኸው የኛው የመቂ ወንዝ ነው፤ ከጉራጌ ተራሮች ወርዶ እዚያ ይገባል። ሌላው ከአርሲ በኩል የሚመጣው ካታር ነው። ሲሞላ ደግሞ በቡልቡላ በኩል ወደ አብጃታ ያፈሳል። በደሴቶቹ የኖሩት ዛዮች ከጥንት ጀምሮ ዓሣ ያጠምዳሉ። ዳር ላይ ቆመህ ቆሮሶ ሲበለት እየው። አጥማጁ የሚይዘው ቢላ ብዙ ከመሳሉ የተነሳ ወገቡ ቀጥኗል፤ ከጭንቅላቱ ሥር ይጀምርና አከርካሪውን ተከትሎ ሥጋውን በአንድ ስበት ያነሳዋል። አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራቸውን ቀብረው ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አጥንቱና አንጀቱ የነሱ ድርሻ ነው። እዚያ ቆሜ ባየሁ ቁጥር የምማረው ነገር ቢኖር ቀጭን ስለት ጉልበት እንደማይፈልግ ነው።

ወዴት ሄድን? አዎ፣ ስለ ቀጭን ስለት ነበር። ወፍራም ብረት ፓፓያ ውስጥ ሲገባ ሥጋውን ወደ ግራና ቀኝ እየገፋ ይሰነጥቀዋል፤ ጫፉ ምንም ቢሳል ጀርባው ያግደዋል። ቀጭኑ ግን ሰተት ብሎ ያልፋል። ለኪስ የሚሆን ሰንጢ እንጨት ሊፈልጥ አልተፈጠረም። እንጨት መፍለጥ ካማረህ መጥረቢያ አለልህ። ስለዚህ መጀመሪያ ጀርባውን በጣትህ ዳስሰው፤ ከሁለት ከሁለት ተኩል ሚሊ ሜትር ብዙ ካለፈ ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው ብለህ ወደ ቦታው መልሰው።

ርዝመቱስ? በፈረንጆቹ አገር ይህን ጥያቄ በቁጥር የመለሰ ሰው ነበር። ዦዜፍ ኦፒኔል ይባላል። በፈረንሳይ ሳቯ በሚባለው ተራራማ አገር የመሣሪያ ሠሪ ልጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1890፣ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ሳለ፣ ለአካባቢው ገበሬ የሚሆን ተራ ታጣፊ ሰንጢ ሠራ። የእንጨት እጀታ፣ አንድ ስለት፣ በቃ። በ1897 ከትንሹ እስከ ትልቁ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ሰጥቶ አወጣቸው። እስከ ዛሬ ብዙ ሰው የሚገዛው 8 ቁጥሩን ነው፤ ስለቱ 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ ገዢ መሃል ላይ መርጦ ቆመ ማለት እኮ አንድ ነገር ይነግረናል። ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያለው ስለት ብርቱካንም ይልጣል፣ ዳቦም ይቆርጣል፣ ሲባጎም ይበጥሳል፤ ኪስም አይወጋም፣ ሰውም አያስደነግጥም።

ሰው ማስደንገጥ ስል ምን አስታወሰኝ መሰለህ? የሰንጢ ስም በከተሞቻችን አልተመሰገነም። ለምን ይመስልሃል? «በሰንጢ ወጋው» የሚለው ወሬ አገር ያዳርሳል፤ «በሰንጢ ማንጎ ልጦ አበላኝ» ብሎ የሚያወራ ግን የት አለ? ክፉው ይወራል፣ ደጉ ይበላል። በዚህ ነገር ብቻችንን አይደለንም። ኦካፒ የሚባለውን ሰንጢ ታውቀዋለህ? ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1902 በዞሊንገን ከተማ መሥራት ጀመሩና ወደ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ሰደዱት፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራው ጠቅልሎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞረ። ለገበሬና ለሠራተኛ የተሠራ ርካሽና ጠንካራ ዕቃ ነው። ነገር ግን ወሮበላም ገዛው፤ ስሙም በወሮበላው ጠፋ። ብረት ምን ያውቃል? ካያያዝ ይቀደዳል ካነጋገር ይፈረዳል።

ስለዚህ ለራስህም ለሰንጢህም ክብር ስትል ቦታና ጊዜ ለይ። ለኢሬቻ ወደ ሆራ ስትወርድ፣ በጥምቀት ታቦት ስትሸኝ፣ ኳስ ልታይ ስታዲየም ስትገባ እቤት ይዋል። ፍተሻ ላይ ተይዞ «ማንጎ ልልጥበት ነው» ማለት ማንን ያሳምናል? አውሮፕላንም እንደዚሁ ነው። ካሜሪካ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ካለህና ሰንጢ ካልከው በእጅ ቦርሳው እንዳይዘው፣ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ እንዲያደርገው አደራ በለው። አለዚያ ስጦታህ ገና ሳይነሳ ከአውሮፕላን ማረፊያው ቅርጫት ይቀራል።

ቆይ፣ ቶናውን ልቅዳልህ። ስኳር ትጨምራለህ? እኔ ትቻለሁ፤ ሐኪሙ አይደለም ያስተወኝ፣ ዋጋው ነው።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ለሰንጢ የሚሆን ብረት በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው በል። አንዱ የሚዝገው፣ አንዱ የማይዝገው። የማይዝገው የተገኘው ብዙም ሩቅ ባልሆነ ዘመን ነው፤ እንግሊዛዊው ሃሪ ብሪርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 በሼፊልድ ከተማ ብረቱ ላይ ክሮሚየም አብዝቶ ቀላቅሎ ያገኘው ነው። ዛሬ ከመቶ አሥር ተኩል ያህልና ከዚያ በላይ ክሮሚየም ያለበት ብረት የማይዝግ ይባላል። የሚዝገው ደግሞ የአያቶቻችን ብረት ነው፤ ብረትና ካርቦን ብቻ ነው ብትል ብዙም አትሳሳትም።

የቱ ይሻላል ትለኛለህ። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቅሃለሁ፤ ዕቃ ጠራጊ ነህ ወይስ ረሺ? የሚዝገው ብረት ቶሎ ይሳላል፤ ድንጋይ ላይ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ስታደርገው ምላጭ ይሆናል። ግን ሽንኩርትና ቲማቲም ቆርጠህ ሳትጠርገው ብታድር ጠዋት ጠቁሮ ታገኘዋለህ። ሎሚማ ከሆነ ወዲያው ነው። በዚህ አትደንግጥ። ያ ግራጫና ሰማያዊ የሚመስል ቀለም ዝገት ማለት አይደለም፤ ብረቱ እንደ ውሎው የሚለብሰው ቀለም ነው፤ እንዲያውም ከቀዩ ዝገት በመጠኑ ይከላከልለታል። ፍሬ ስትቆርጥበት ግን አዲስ ሳለ የብረት ጣዕም ሊሰጥህ ይችላል። የማይዝገው ደግሞ ለረሺ ሰው ነው፤ ለዓሣ፣ ለውሃ፣ ላብ ለሚበዛበት ኪስ። ጥሩው የማይዝግ ብረትም በደንብ ይሳላል። መጥፎው ግን አይሳልም፤ ብትስለውም ጆንያ ሁለቴ ሲቆርጥ ይዶለዱማል።

አሁን ልብ በል። መንገድ ላይ ሱቅ በደረቴ የሚያዞራቸው፣ ከጥፍር መቁረጫና ከመነጽር ጋር የሚሰቀሉት አብረቅራቂ ሰንጢዎች አብዛኞቹ ከዚህ ከመጨረሻው ወገን ናቸው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። ሻጩ ወረቀት ቆርጦ ያሳይሃል። ወረቀት መቁረጥማ ከፋብሪካ ሲወጣ ሁሉም ይቆርጣል! ጥያቄው በሦስተኛው ወር ምን ይቆርጣል ነው።

ብረት ሲነሳ የራሳችንን ሰው ዘልዬ ባልፍ ነውር ነው። ወናፍ የሚነፋውን፣ በጉጠት ይዞ በመስፍ ላይ የሚቀጠቅጠውን ባለ እጅ ማለቴ ነው፤ በኦሮምኛ ቱምቱ የሚሉትን። የዛሬው ቀጥቃጭ ብረት ከየት ያመጣል መሰለህ? ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። አዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትገባ አገር የጣለው ብረት ሁሉ እንደገና ሲወለድ ታያለህ፤ ባሌስትራው ቢላ ይሆናል፣ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል። ባሌስትራ ደግሞ የዋዛ ብረት አይደለም። ጎብጦ እንዲመለስ፣ ጭነት ተሸክሞ እንዳይሰበር የተሠራ ነው፤ ካርቦኑም ስለት ለመያዝ ይበቃል። ጎበዝ ቀጥቃጭ አግሎ ቀጥቅጦ በልኩ ከነከረው ከውጭ ከመጣው ብዙ ቢላ ይበልጣል። በልኩ ካልነከረው ግን ወይ ይሰበራል ወይ ይታጠፋል።

እነዚህን ሰዎች የበደልነው እኛው ነን። ማረሻውን ከነሱ ወስደን፣ ጦሩን ከነሱ ወስደን፣ መልሰን ሰደብናቸው፤ አብረን አልበላም አልን፣ ቡዳ አልናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት በከንቱ አልነበረም። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ልባችን ግን ገና አዋጁ ላይ አልደረሰም። ዞሊንገንና ሼፊልድ ሠሪዎቻቸውን አከበሩ፤ የከተማቸው ስም ብረት ላይ እየታተመ ዓለምን ዞረ። የኛ ቀጥቃጭ ስሙን ቢላው ላይ ቢያትም ማን ይገዛው ነበር ያኔ? ዛሬ ግን ቢያትም እኔ ቀድሜ እገዛለሁ። ለቤት የሚሆን የማይታጠፍ ቢላ ከፈለግህ፣ መጀመሪያ እነሱ ዘንድ ሂድ።

ለታጣፊው ግን ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ማጠፊያው። ሰንጢ የሚሞተው በብዛት በስለቱ አይደለም፣ በወገቡ ነው። ሐሳቡ ራሱ ጥንታዊ ነው፤ በኦስትሪያ ሐልሽታት በሚባል ቦታ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት የነበረ፣ አጥንት እጀታ ያለው ታጣፊ ቢላ ተገኝቷል። ሮማውያንም ይይዙት ነበር። ያኔም ዛሬም ችግሩ አንድ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ይላላል። ታዲያ ሱቅ ቆመህ እንዴት ትለያለህ? ቀስ ብለህ ነው፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

መጀመሪያ ክፈተው። ስለቱን በሁለት ጣት ይዘህ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርገው። ከተወዛወዘ አስቀምጠው፤ ዛሬ በጥቂቱ የሚወዛወዝ ነገ ይብስበታል። ቀጥሎ ወደ ብርሃን አንሳው፤ በስለቱና ከጀርባው ባለው ሞላ መካከል ብርሃን ካለፈ ሠሪው ቸኩሏል። ከዚያ መልሰህ እጠፈው፤ ስለቱ ከሁለቱ ጎኖች እኩል ርቆ መሃል መግባት አለበት፤ ወደ አንዱ ጎን ካዘነበለ እጀታውን እየፈገፈገ ይበላዋል። ጥፍር ማስገቢያው ላይ ጥፍርህን አድርገህ እንደገና ክፈት። ጥፍር የሚሰብር ከሆነ አትከፍተውም፤ ስትነካው ዝም ብሎ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ኪስህ ውስጥም ይከፈታል። ጥሩ ሞላ መሃል ላይ ነው፤ ሲከፈትም ሲዘጋም ቀጭ ይላል። ያንን ድምፅ ጆሮህ አንዴ ከለመደው አይረሳውም።

መቆለፊያ ያስፈልጋል ወይ? ይኸውልህ፣ የድሮዎቹ አብዛኞቹ መቆለፊያ የላቸውም፤ ሞላው ብቻ ነው የሚይዛቸው። በስለቱ ስትቆርጥ ችግር የለም። በጫፉ ልትወጋ ወይም ልትበሳ ስትል ግን ታጥፎ ጣትህ ላይ ይመጣል። የኦፒኔል ሰዎች ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1955 አንገቱ ላይ የምትዞር ቀለበት ጨመሩ፤ ስትዞር ስለቱ ይቆለፋል። ቀላል ነገር፣ ግን ብዙ ጣት አድኗል። ለመጀመሪያ ሰንጢ፣ በተለይ ማሳ ለሚውል ሰው፣ መቆለፊያ ቢኖረው አልጠላም።

እጀታው እንጨት ይሁን፣ ቀንድ ይሁን፣ አጥንት ይሁን፣ የዓይንህ ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። ስምጥ ሸለቆው ደረቅ ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ የመኪና መስኮት ሥር የተረሳ ቀንድ ይሰነጠቃል። እንጨትም ይሸበሸባል። አልፎ አልፎ ጥቂት ዘይት ማባበስ ነው። እርጥብም ሲሆን እንጨቱ ያብጥና ስለቱን አልለቅም ይላል፤ ሲደርቅ ይለቃል፤ አትታገለው።

ባለ ብዙ ስለቱስ? መቀስ፣ ቆርኪ መክፈቻ፣ ካቻቪቴ፣ መጋዝ፣ መብሻ ያለው ቀዩ የስዊስ ሰንጢ? ታሪኩ ያምራል። ካርል ኤልዘነር እ.ኤ.አ. በ1884 በስዊዘርላንድ ኢባክ መንደር የቢላ መሥሪያ ቤት ከፈተ፤ በ1891 ለአገሩ ሠራዊት ሰንጢ አቀረበ፤ በ1897 ደግሞ ቀለል ያለውን የመኮንኖች ሰንጢ በስሙ አስመዘገበ። እናቱ ቪክቶሪያ በ1909 ስታርፍ ስሟን ለፋብሪካው ሰጠው፤ በኋላ የማይዝግ ብረት ሲገባ ኢኖክስ የሚለው ተቀጥሎ ቪክቶሪኖክስ ሆነ። እናቱን በብረት ላይ የጻፈ ልጅ እንዴት ይጠላል? ሰንጢዎቹም ጥሩ ናቸው። እኔ የምጠላው ብዛቱን ነው። ሃያ መሣሪያ የተጠቀጠቀበት ሰንጢ ሻጭም ገዢም ሚዛንም ጫኝም እኔ ነኝ እንደሚል ደላላ ነው፤ ሁሉን ይነካል፣ አንዱንም አይጨርስም፣ ኪስህን ግን ያከብደዋል። አንድ ወይም ሁለት ስለት ያለውን ውሰድ። በተረፈ ቀይ እጀታና ነጭ መስቀል ስላየህ ብቻ አትክፈል፤ አስመስሎ የሚሠራው በዝቷል። ስለቱን ከፍተህ ሥሩ ላይ፣ ማጠፊያው አጠገብ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። እውነተኛው የሠሪውን ስም በግልጽ አትሞ ያሳይሃል፤ አስመሳዩ ወይ ባዶ ነው፣ ወይ ፊደል ቀይሯል፣ ወይ በጣትህ ስታሸው ይለቃል።

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ሰንጢ የሚገዛ ሞልቷል፤ የሚስል ግን ስንት ነው? ደህና ሰንጢ ገዝቶ መሳያ ያልገዛ ሰው ያየሁ እንደሆነ ትዝ የሚለኝ «ሥጋ ሰጥቶ ቢላ መንሳት» የሚሉት ነው፤ እሱ ግን የነሳው ራሱን ነው። ሥጋ ቤት ቁርጥ የሚቆርጠውን ሰው ተመልክተህ ታውቃለህ? ጥቂት ቆርጦ ቢላውን መሳያው ላይ ሸርተት ሸርተት ያደርጋል፤ እንደገና ይቆርጣል። እስኪዶለዱም አይጠብቅም። ሙያው ያለው እዚያ ላይ ነው። ደግሞም ዱልዱም ስለት ከስል ስለት ይልቅ ጣት ይቆርጣል፤ ለምን? ጉልበት ትጨምርበታለህ፣ ይንሸራተታል፣ እጅህ ላይ ያርፋል።

መሳያ የለኝም ትላለህ? አለህ። ሲኒህን ጨርሰሃል? ገልብጠህ መቀመጫውን እየው። ቅቡ ያልነካው፣ ሻካራ ነጭ ክብ ታያለህ አይደል? ያ መሳያ ነው። ጠንካራ ሸክላ ስለሆነ የዛለ ስለት በደንብ ይመልሳል። የሚስቴን ሲኒ ግን አትንካ፤ ጆሮው የተሰበረ አሮጌ አለ፣ እሱን ነው የማውሰው። እርግጥ ለዘወትሩ ሁለት ፊት ያለው፣ አንዱ ሻካራ አንዱ ልስልስ የሆነ መሳያ ድንጋይ ይሻልሃል።

አሳሳሉም ምሥጢር የለውም። ዋናው ማዕዘኑ ነው። ወረቀት አንሳና ጥጉን አንዴ እጠፈው፣ ግማሹን ደግሞ እጠፈው፤ የምታገኘው ሾጣጣ ማዕዘን ሃያ ሁለት ዲግሪ ተኩል ነው። ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርገህ ስለቱን ድንጋዩ ላይ አስተኛው፣ ወደ ሃያ ግድም። ድንጋዩን አርጥበው። ስስ ሽፋን የምትልጥለት አስመስለህ ስለቱን አስቀድመህ ግፋ። በሌላው ወገን ጣትህን ከጀርባ ወደ ጫፍ ብታሳልፍ ሻካራ ጠርዝ ከተሰማህ ያ ወገን በቅቶታል፤ ገልብጥና ሌላውን። መጨረሻ ላይ በልስልሱ ፊት ቀለል አድርገህ፣ ከዚያ በአሮጌ ቀበቶ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ ጎትተው። ሞረድ አታምጣብኝ፤ ሞረድ ለማጭድና ለመጥረቢያ ነው፣ ሰንጢን ይበላዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እጅህም ይለምዳል።

ደግሞ የማታደርገውን ልንገርህ። ሰንጢ ካቻቪቴ አይደለም፣ ጫፉ ይሰበራል። ቆርኪ አትክፈትበት። ማጠፊያው ውስጥ የሚገባውን የማሳ አቧራ በለብታ ውሃ እጠበው፣ አድርቀው፣ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርግለት። ለሰው ስታቀብል አጥፈህ አቀብል፤ የተከፈተ ከሆነ እጀታውን አስቀድም ወይም ጠረጴዛው ላይ አኑርለት። እኛ ቤት እናቴ ስለት ከእጅ ወደ እጅ አታቀብልም ነበር፤ አስቀምጣ «አንሳ» ነው የምትል። ምክንያቱን ጠይቀናት አናውቅም፤ ጣታችን ግን ሙሉ ነው።

ልጅህስ ቢጠይቅህ? ልጅ ሳለን እርሳስ የምንቀርጸው በምላጭ ነበር፤ አንዱን ምላጭ ለሁለት ሰብረን ከዴስክ ጓደኛ ጋር እንካፈለው ነበር። ከዚያ ጋር ሲተያይ እጀታ ያለው፣ የሚቆለፍ፣ ጫፉ ክብ የሆነ ትንሽ ሰንጢ በአባቱ ፊት ይዞ ብርቱካን መላጥ ቢማር ምን ይጎዳል? ስለት የሚፈራ ሳይሆን ስለት የሚያከብር ልጅ ይወጣል። ብቻውን ግን አትተወው፤ ትምህርት ቤትም እንዳይወስደው።

አንቺም እህቴ፣ ይህን ጨዋታ የወንድ ብቻ አድርገሽ እንዳትሰሚው። ሽንኩርቱን የምትከትፊው፣ ፓፓያውን የምትሸጭው፣ ጆንያውን የምትፈቺው አንቺ አይደለሽ? ከማንም በላይ ጥሩ ስለት የሚገባው ላንቺ ነው።

በል እንግዲህ፣ የኔን ፍርድ ስማ። አንድ ስለት ያለው፣ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ፣ ጀርባው ቀጭን፣ ወገቡ የማይወዛወዝ ግዛ። ጠራጊ ከሆንክ የሚዝገውን ብረት፣ ረሺ ከሆንክ የማይዝገውን ምረጥ። ከገንዘብህ ላይ ግን አስቀድመህ የመሳያ ድንጋዩን ዋጋ ለይተህ አስቀምጥ፤ ድንጋዩን ገዝተህ በተረፈው ሰንጢ ፈልግ። ሰንጢውን ከመግዛትህ በፊት ግን በዚህ ድንጋይ የማእድ ቤቱን ዱልዱም ቢላ አንድ ሳምንት ሳልበት። በእሱ ላይ እጅህ ከለመደ፣ ያኔ ወደ ሱቅ ሂድና ደህናውን ሰንጢ አምጣ። ከሰለቸህ ግን ተወው፣ ገንዘብህን ለሌላ ነገር አውለው፤ የማይስለው ሰው እጅ ውስጥ የገባ ውድ ሰንጢ ከሱቅ በደረቴው ርካሽ ሰንጢ ምንም አይሻልም።